ስለ ፌስታልና ስለ አምስቱ ሳንቲም

ሰው የሠራው ዕቃ ሁሉ ሁለት ዕድሜ አለው። አንደኛው በእጃችን ይዘን የምንገለገልበት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከእጃችን ከወጣ በኋላ በምድር ላይ የሚቈይበት ጊዜ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ከዘንባባ የሰፉት ዘንቢል፥ ከፍየል ቆዳ ያዘጋጁት ስልቻ ብዙ ዓመት ካገለገለ በኋላ አርጅቶ ሲጣል ምድር ፈጥና ትቀበለው ነበር። የመጀመሪያው ዕድሜው ረዥም፥ ሁለተኛው ዕድሜው ግን አጭር ነበር ማለት ነው። በእኛ ዘመን ይህ ሥርዐት ተገለበጠ። ከሱቅ እስከ ቤት ድረስ ላለው ለጥቂት ደቂቃ መንገድ ብቻ የምንይዘው፥ ከተጣለ በኋላ ግን ሳይበሰብስ እጅግ ለረዥም ዘመን የሚቈይ ዕቃ ተፈጠረ። ይኸውም በተለምዶ ፌስታል የምንለው የፕላስቲክ ከረጢት ነው።

ፌስታል ቦይ እንደሚደፍን፥ ከብት ውጦት እንደሚታመም፥ ነፋስ እያነሣ በአጥርና በዛፍ ላይ እንደሚሰቅለው ሁሉም ሰው ያየው ነገር ስለ ሆነ፥ ያንን በመዘርዘር አንባቢን ማድከም አያስፈልግም። ለመማር የሚጠቅመን ግን የከተማ ማዘጋጃ ቤቶች ይህን ቀላል ዕቃ ለመግታት በተነሡ ጊዜ ያጋጠማቸው ነገር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በውስጡ የሕግን ኀይልና ድካም፥ የገንዘብን ጕልበት፥ የሰውንም ልማድ አጥርቶ የሚያሳይ ታሪክ አለበት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት፥ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ የዕቃውን አመጣጥ እንመልከት። በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኖርዝዊች በምትባል ከተማ ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፎሴት የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ በብርቱ ግፊት ከሌላ ነገር ጋር ለማዋሐድ ሲሞክሩ፥ ያላሰቡት ሰም የመሰለ ነጭ ነገር በመሣሪያቸው ውስጥ አገኙ። ይህም ፖሊኤቲሊን የተባለው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለራዳር መሣሪያ የኤሌክትሪክ ገመድ መሸፈኛ ሆኖ ትልቅ አገልግሎት ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላም ለልዩ ልዩ የቤት ዕቃ መሥሪያ ዋለ። ከዚህ በኋላ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ የስዊድን መሐንዲስ፥ ሴሎፕላስት ለሚባል ኩባንያ ሲሠራ፥ ስስ የፖሊኤቲሊን ቱቦ እያጠፈ፥ ጫፉን በሙቀት እያጣበቀ፥ ከላይ እየቈረጠ እጀታ በማውጣት ዛሬ የምናውቀውን ከረጢት አበጀ። ኩባንያውም በ1965 ዓ.ም. የዚህን ሥራ የባለቤትነት መብት በአሜሪካ አስመዘገበ።

የዚህ መሐንዲስ ልጅ በ2019 ዓ.ም. ለቢቢሲ እንደ ተናገረው፥ አባቱ ይህን ከረጢት ሲያስብ የወረቀት ከረጢት ለመሥራት ሲባል ደን እንዳይጨፈጨፍ በማለት ነበር፤ ራሱም አንዱን አጥፎ በኪሱ ይዞ እየዞረ ደጋግሞ ይገለገልበት ነበር። ሰዎች አንድ ጊዜ ይዘውት ይጥሉታል ማለት ለርሱ እንግዳ ነገር ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ብልኀተኛው ዕቃውን ሠራ እንጂ ልማዱን አልሠራም። ዕቃው ከአንድ ሰው አእምሮ ወጣ፤ ልማዱ ግን ከሚሊዮን ሰው ስንፍና ተሠራ። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፥ የዕቃው ጥፋት ከአያያዛችን ነው የመጣው።

በ1982 ዓ.ም. ሴፍዌይና ክሮገር የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የአሜሪካ የሸቀጥ መደብሮች ከወረቀት ይልቅ ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ተሸጋገሩ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ሻጭ ለደንበኛው ያለ ክፍያ ይሰጠው ጀመር። በርግጥ ዋጋው በሌላው ዕቃ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ይከፈል ነበር፤ ነገር ግን ገዢው ስለማያየው በነጻ ያገኘው መሰለው። ሰውም በነጻ ያገኘውን ነገር አይቈጥረውም፤ ያልቈጠረውንም ነገር አይጠብቀውም። ሁለት ዕቃ የገዛ ሰው ሦስት ፌስታል ይዞ መውጣት ልማድ ሆነ።

የጠራጊውን፥ የቦይ ከፋቹን፥ የቈሻሻ ሰብሳቢውን ደመወዝ የሚከፍለው ግን ማዘጋጃ ቤት ነው። ስለዚህ የነጻው ዕቃ ሒሳብ ዞሮ ዞሮ ወደ ማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ያዥ መጣ። በካሊፎርኒያ የምትገኘው የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሒሳቡን ስታሰላ፥ አንድ ፌስታል ለጽዳት፥ ለመቅበርና እንደ ገና ለጥቅም የሚውለውን ቈሻሻ የሚለየውን መሣሪያ እያነቀ ለሚያደርሰው ጕዳት 17 ሳንቲም ያህል እንደሚያስወጣት ገመተች። በዚህም ምክንያት በ2004 መጨረሻና በ2005 ዓ.ም. በያንዳንዱ ከረጢት ላይ 17 ሳንቲም ይከፈል የሚል ዐሳብ ቀረበ። የመደብር ባለቤቶች ግን፥ ቀረጡ ይቅርና እኛው በፈቃዳችን በ2006 ዓ.ም. የምንሰጠውን ከረጢት በ10 ሚሊዮን እንቀንሳለን ብለው ቃል ገቡ፤ ከተማዪቱም ቃላቸውን ተቀበለች። ዓመቱ ሲያልቅ ነጋዴዎቹ ብዙ ቀንሰናል አሉ፤ የከተማው ሹሞች ግን የቀረበው ቍጥር ሊረጋገጥ የማይችል ነው ብለው አልተቀበሉትም።

በዚያው በ2006 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ግዛት ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ታላላቅ መደብሮች አሮጌ ፌስታል መልሰው የሚቀበሉበት ሣጥን እንዲያቆሙ ያዛል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ሕግ ውስጥ ማንኛውም ከተማ በፌስታል ላይ ቀረጥ እንዳይጥል የሚከለክል ቃል ተጨምሮበት ነበር። እንግዲህ ሳን ፍራንሲስኮ ልታስከፍልም አልቻለችም፤ ቃል የገቡላትንም ልታምን አልቻለችም። የቀረላት መንገድ ጨርሶ መከልከል ነበር። መጋቢት 27 ቀን 2007 ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት በ10 ድምፅ ለ1 በታላላቅ መደብሮች የተለመደው ፌስታል እንዳይሰጥ ወሰነ። በአሜሪካ ከተሞች ውስጥ ይህን የመሰለ ክልከላ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ለስላሳውን መንገድ የዘጉት ሰዎች ጠንካራውን መንገድ ራሳቸው እንዳስከፈቱት ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።

የሲያትል ከተማ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት በያንዳንዱ ከረጢት ላይ 20 ሳንቲም እንዲከፈል ወሰነ። ሕጉ ከመጽናቱ በፊት የኬሚካል ፋብሪካዎች ማኅበር ፊርማ አሰባስቦ ነገሩ ወደ ሕዝበ ውሳኔ እንዲቀርብ አደረገ፤ ለቅስቀሳውም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ሕጉ ወደቀ። ከተማዪቱ ግን ተስፋ አልቈረጠችም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል፥ በወረቀት ከረጢትም ላይ ጥቂት ዋጋ የሚያስከፍል ሌላ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጸና። ሕዝብ በመጀመሪያ ቀን ያልተቀበለውን ነገር ጊዜ ወስደው ቢያስረዱት ይቀበለው ዘንድ ይቻላል፤ ነገር ግን ሳያስረዱ የቸኰሉ እንደ ሆነ ገንዘብ ያለው ቀድሞ ያስረዳዋል።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ለትምህርት የሚሆነው የዋሽንግተን ከተማ ታሪክ ነው። ዋሽንግተን የተሠራችው ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ ነው። አንደኛው ስሙ የገነነው ፖቶማክ ነው፤ ሁለተኛው አናኮስቲያ ነው። አናኮስቲያ ለብዙ ዘመን የተረሳና የቈሸሸ ወንዝ ነበር። ከወንዙ በስተምሥራቅ ያሉት ሰፈሮችም ከከተማዪቱ ድኾች ሰፈሮች ውስጥ ይቈጠራሉ። በ2008 ዓ.ም. ወንዙ ተጠንቶ፥ ወደርሱ በሚገቡት ትንንሽ ጅረቶች ውስጥ ከሚገኘው ቈሻሻ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ፌስታል ሆኖ ተገኘ።

በ2009 ዓ.ም. ቶሚ ዌልስ የተባለ የከተማው ምክር ቤት አባል አንድ ሕግ አቀረበ። ምግብ ወይም መጠጥ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ፥ ከረጢቱ የፕላስቲክም ይሁን የወረቀት፥ ለያንዳንዱ 5 ሳንቲም ያስከፍል፤ ከዚህም ውስጥ ጥቂቱ ለባለ ሱቁ ይቅር፥ የቀረው ለአናኮስቲያ ወንዝ ማጽጃ በተለየ መዝገብ ይቀመጥ የሚል ነበር። ወዲያው ክርክር ተነሣ። ተቃዋሚዎቹ፥ ይህ ቀረጥ በድኻው ላይ ይከብዳል አሉ። ይህ ቃል በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ባለጸጋ ለ5 ሳንቲም አይጨነቅም፤ በቀን ገቢ የሚኖር ሰው ግን ያንኑ 5 ሳንቲም ደጋግሞ ሲከፍል ይሰማዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ወንዙን አስታወሰ። ቈሻሻው በማን ደጅ ያልፋል? ልጆቻቸው በወንዙ ዳር የሚያድጉት እነማን ናቸው? ቀረጡ ድኻውን የሚነካ ከሆነ፥ ፌስታሉም የሚነካው ድኻውን ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ከቀረጡ የገዛ ከረጢቱን ይዞ በመሄድ መዳን ይቻላል፤ ከቈሸሸ ወንዝ ግን ሰፈሩን ለቅቆ ካልሄደ በቀር መዳን አይቻልም። ከተማዪቱም የተቃዋሚዎቹን ቃል ከንቱ አላደረገችውም፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑና ለሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የሚያገለግል ከረጢት በነጻ እንዲታደል አደረገች። ምክር ቤቱ ሕጉን በሙሉ ድምፅ ተቀበለው፤ ከንቲባው አድሪያን ፌንቲ ፈረመበት፤ ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

ውጤቱ ያስገርማል። የከተማዪቱ የግብር መሥሪያ ቤት እንደ ገመተው፥ ከሕጉ በፊት በወር 22 ሚሊዮን ተኩል ያህል ከረጢት ይታደል ነበር፤ በመጀመሪያው ወር የታደለው ግን 3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ሆነ። ከሰባት እጅ አንድ እጅ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከቀረጡ የተሰበሰበውም ገንዘብ አስቀድሞ ከታሰበው አነሰ። በሌላ ግብር ቢሆን ይህ እንደ ጕድለት በተቈጠረ ነበር። እዚህ ግን የሣጥኑ መጕደል የሥራው መሙላት ነው፤ ያልገባው ሳንቲም ሁሉ ያልተጣለ ፌስታል ነውና። ዳኛ የፍርድ ቤቱ አደባባይ ባዶ ሲሆን ደስ እንደሚለው፥ ይህንም ቀረጥ የጣለ ከተማ ሣጥኑ ሲቀልል ደስ ይለዋል።

በዋሽንግተንና በአቅራቢያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ ይህ ታሪክ ለእኛ ወገኖች የሩቅ ወሬ አይደለም። እንጀራና በርበሬ የሚሸጠውም ባለ ሱቅ እንደ ታላቁ መደብር ሁሉ 5 ሳንቲሙን መጠየቅ ነበረበት። የሞንትጎመሪ አውራጃም የዋሽንግተንን ምሳሌ ተከትሎ ከጥር 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱን የ5 ሳንቲም ቀረጥ አቆመ።

ታቲያና ሆሞኖፍ የተባለች የኢኮኖሚ ሊቅ በዚሁ አገር ያለውን ነገር መርምራለች። ከሕጉ በፊት አንዳንድ መደብሮች የገዛ ከረጢቱን ይዞ ለመጣ ሰው 5 ሳንቲም ጉርሻ ይሰጡ ነበር። ከሕጉ በኋላ ደግሞ ያልያዘ ሰው 5 ሳንቲም ይከፍላል። ገንዘቡ እኩል ነው፤ ሥራው ግን እጅግ ተለያየ። ጉርሻው የሰዉን ልማድ ፈቀቅ አላደረገውም ማለት ይቻላል፤ ቀረጡ ግን ከመቶ ሸማች ከ40 የሚበልጡትን ልማዳቸውን አስለወጣቸው። ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ይሰማዋል። 5 ሳንቲም ማንንም አያደኸይም፤ ነገር ግን ሻጩ «ከረጢት ይፈልጋሉን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ሸማቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆም ብሎ ለማሰብ ይገደዳል። ከዚህም የተነሣ፥ ትንሿ ሳንቲም ያስከፈለችው ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ማሰብን ነው ለማለት ይቻላል።

ማዘጋጃ ቤቶች ግን በሁሉም ስፍራ አልቀናቸውም። በካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ከተማ የሆነችው ማንሃተን ቢች በ2008 ዓ.ም. ፌስታልን ስትከለክል የፋብሪካዎች ማኅበር ከሰሳት። የክሱም ምክንያት ብልኀት ያለበት ነበር፤ ሰው ፌስታል ሲያጣ ወደ ወረቀት ይዞራል፥ ወረቀት ለመሥራትም ብዙ ኀይልና ውሃ ያስፈልጋል፥ ስለዚህ ከተማዪቱ አስቀድማ ሰፊ ጥናት ማድረግ አለባት የሚል ነው። ነገሩ ውሸት አልነበረም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2011 ዓ.ም. የአንዲት ትንሽ ከተማ ውሳኔ ይህን የሚያህል ጥናት አያስፈልገውም ብሎ ለከተማዪቱ ፈረደ። በቴክሳስ የምትገኘው የላሬዶ ከተማ ግን ተቃራኒው ደረሰባት። በ2014 ዓ.ም. ያወጣችውን ሕግ የነጋዴዎች ማኅበር ከሶ፥ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ዓ.ም. የከተማዪቱ ሕግ የግዛቱን ሕግ ይቃረናል ሲል ሻረው። እንግዲህ ማዘጋጃ ቤት ለሕዝብ ቅርብ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ሥልጣኑ ከበላዩ ባለው ሕግ የተወሰነ መሆኑን ወጣት ተማሪዎች ማወቅ ይገባቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ሕግ ካሸነፈ በኋላ የሚደርስበት ነው። የካሊፎርኒያ ከተሞች አንዱ የሌላውን ምሳሌ እየተከተሉ ሕግ ባወጡ ጊዜ፥ ግዛቱ ራሱ በ2014 ዓ.ም. ስሱን ፌስታል የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ሕዝቡ በድምፁ አጸናው። ነገር ግን በሕጉ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ወፍራም ሆኖ የተሠራና 125 ጊዜ ሊያገለግል የሚችል የፕላስቲክ ከረጢት ግን ቢያንስ በ10 ሳንቲም ሊሸጥ ይችላል ይል ነበር። ፋብሪካዎቹም እንደ ተባለው አወፈሩት። ሸማቹ 10 ሳንቲሙን እየከፈለ፥ 125 ጊዜ እንዲያገለግል የተሠራውን ከረጢት አንድ ጊዜ ይዞት ይጥለው ጀመር። ከዚህ የተነሣ በ2022 ዓ.ም. በግዛቱ የተጣለው የፕላስቲክ ከረጢት ክብደት ከ2014ቱ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ምክንያት በ2024 ዓ.ም. ወፍራሙንም የሚከለክል፥ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የሚጸና ሌላ ሕግ ተፈረመ።

ይህ የውፍረት ነገር በአገራችንም የታየ ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 513፥ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ፌስታል በአገር ውስጥ እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ሆኖም ገበያው ሁሉ በፌስታል እንደ ተሞላ ብዙ ዓመት አለፈ፤ በዚሁ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ማውጣት አስፈለገው። አንባቢ ሆይ፥ ሕግ አውጪ ሚሊሜትር ሊለካ ይችላል፤ ነገር ግን የሰውን ልማድ የሚለካ መሣሪያ ገና አልተሠራም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛ፥ ነጻ የሚባል ዕቃ የለም። እኛ ያልከፈልነውን ሌላ ሰው ይከፍለዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚከፍለው በወንዙ ታችኛ በኩል የሚኖረው ነው። ሁለተኛ፥ ተቃዋሚ የሚናገረውን እውነት ሳይሰሙ የሚወጣ ሕግ ጎደሎ ይሆናል። ዋሽንግተን የድኻውን ነገር ሰምታ ከረጢት አደለች፤ የወረቀቱንም ጥያቄ አስባ ለወረቀትም አስከፈለች፤ ስለዚህ ሕጓ ጸና። ሦስተኛ፥ ሕግ ያለ ልማድ ወፍጮ ያለ ውሃ ነው፤ ድንጋዩ ተዘጋጅቶ ሳለ አይፈጭም። በዋሽንግተን 5 ሳንቲም የሠራችውን በካሊፎርኒያ 10 ሳንቲም ያልሠራችው ለዚህ ነው። በዋሽንግተን ሸማቹ ከረጢቱን ከቤቱ ማምጣት ለመደ፤ በካሊፎርኒያ ግን ከፍሎ መጣልን ለመደ። ከፍያለሁና መጣል መብቴ ነው የሚል ሰው፥ ከቀድሞው ይልቅ ልቡ ደንድኗል።

ወጣቶች ሆይ፥ ሕግ አውጪዎች እስኪመካከሩ፥ ፍርድ ቤቶች እስኪፈርዱ፥ ፋብሪካዎች እስኪለወጡ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። እናቶቻችን ወደ ገበያ ሲሄዱ ዘንቢላቸውን በክንዳቸው ማንጠልጠል የሚያሳፍር ሆኖ አልታያቸውም፤ እናንተም ከረጢታችሁን ከቤት ይዛችሁ መውጣት እንደ ድኽነት ምልክት አትቍጠሩት። ያን የስዊድን መሐንዲስ አስቡት። ዕቃውን የሠራው ሰው አንዱን ፌስታል አጥፎ በኪሱ ይዞ ከዞረ፥ ያልሠራነው እኛ በቀን ሦስት የምንጥልበት ምክንያት ምንድን ነው? ነገ ከእናንተ መካከል የማዘጋጃ ቤት ሹም፥ ዳኛ፥ ነጋዴ የሚሆን ይወጣል። ያን ጊዜ መልካም ሕግ ለመጻፍ የሚችለው፥ ማንም ሳያስገድደው ዛሬ በራሱ ላይ ሕግ ያወጣ ሰው ነው።